በአጥቢያችሁ በበጎ ፈቃድ ማገልገል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሰበሰብኳቸው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ነጠላዬን ሳላጣጥፍ የሚያቆመኝ ሰው አይጠፋም። «እኔም ማገልገል ፈልጌ ነበር፣ ግን…» ይለኛል። ጥያቄው ያለው ከ«ግን» በኋላ ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ክፍል አገለገልኩ። አሁን ሜሪላንድ ነኝ። ሥራው ያው ነው፣ ድስቱ ብቻ ተለወጠ። የምጽፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች ስላየሁት ቢሆንም፣ ሌላ ቤተ እምነት ያላችሁም ብዙው ነገር ሳይገጥማችሁ አይቀርም።

ማገልገል እፈልጋለሁ። ማንን ነው የማናግረው?

ሰበካ ጉባኤውን። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ አለቃው ይሄዳል። አለቃው ደግሞ ቀብር አለባቸው፣ ክርስትና አለባቸው፣ ስብሰባ አለባቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልን ልጄ» ብለው ይባርኩና ነገሩ እዚያው ይቀራል። አይፈረድባቸውም። ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ከወጣ ወዲህ የአጥቢያው ሥራ በሰበካ ጉባኤ ነው የሚመራው። ጉባኤው ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ካህን ያልሆነ ሰውም በቤቱ ጉዳይ ድምፅ አለው ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ምእመን ብዛቱ ይገርመኛል።

በተግባር ግን የምታንኳኩት የሰንበት ትምህርት ቤቱን በር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክፍት ነው። አንድ ምክር ልስጥ፦ «ምን ላግዝ?» አትበሉ። «ቅዳሜ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነፃ ነኝ፣ መኪናም አለኝ» በሉ። የመጀመሪያው ሰው ስሙ ደብተር ላይ ይጻፍለታል። ሁለተኛው ሰው በዚያው ቅዳሜ ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ጭኖ ይመጣል።

ሙያም የለኝ፣ ገንዘብም የለኝ። ምን እጠቅማለሁ?

ሽንኩርት ትልጣላችሁ። እየቀለድኩ አይደለም። ማብሰል የሚፈልግ ሞልቷል፣ መላጥ የሚፈልግ የለም። ድስት የሚያጥብ ደግሞ ጭራሽ ብርቅ ነው።

ሙያ ያላችሁም እንዳትደበቁ። በእኔ ልምድ ሐኪም ከማግኘት የሒሳብ ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። ሐኪሙ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ደም ግፊት ይለካና ይመረቃል። ሒሳብ ሠራተኛው በየወሩ ደረሰኝ ሲቆጥር የሚያየው ሰው የለም።

ነዳያንን የምትመግቡት እንዴት ነው?

ቅዳሜ ማታ ይጀመራል። ምስሩ ይለቀማል፣ ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ትልልቆቹ ድስቶች ከዕቃ ቤት ይወጣሉ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የሚቀመጠው አንድ ሰው ጋ ነው። ያ ሰው ካረፈደ ሁሉም ያረፍዳል። አዲስ አበባ ሳለሁ ለስድስት ዓመት ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ምግቡ መድረስ አለበት። እኛ ሰልፍ አናሰልፍም። ሰዉ ይቀመጣል፣ አገልጋዩ ይዞራል። መጀመሪያ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች አንዱ ውሃ ይዞ እጅ ያስታጥባል። ይህን «ጊዜ ይፈጃል» ብለው ሊያስቀሩት የሞከሩ አሉ። እውነት ነው፣ ጊዜ ይፈጃል። ግን ቤታችሁ እንግዳ ሲመጣ እጁን ሳታስታጥቡ ነው እንዴ የምታቀርቡለት?

አንድ እሑድ ጭልፋ ይዤ ቆሜያለሁ። እንጀራውን ዘርግቼ ወጡን መሐሉ ላፈስ ስል አንዲት እናት እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ወጡን ለብቻ አድርጊልኝ» አሉኝ። ፌስታል ይዘዋል። «ቤት ልጅ አለ። እስክደርስ እንጀራው ረጥቦ ገንፎ ይሆንብኛል።»

ለስንት ዓመት ወጥ ስናፈስ አንድም ሰው ጠይቀን አናውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያው ለሚበላ በትሪ እናቀርባለን፣ ይዞ ለሚሄድ ወጡን በትንሽ ላስቲክ ለብቻ እንቋጥራለን። ወጪው የላስቲክ ዋጋ ብቻ ነው። አዲስ አገልጋይ ሲመጣ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው። ጭልፋውን ከማዘንበልህ በፊት ጠይቅ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ያነበበ ሰው ያስታውሳል። እስጢፋኖስና ስድስቱ ጓደኞቹ የተመረጡት ለማዕድ ነበር። በየዕለቱ ምግብ ሲታደል መበለቶቻቸው ችላ የተባሉባቸው ሰዎች አጉረመረሙ፣ ከዚያ ሰባቱ ተሾሙ። የእኛም አጥቢያ ብዙው ማጉረምረም እስከዛሬ ከማዕድ አካባቢ ነው የሚነሣው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባና ሰው መሰብሰብ ሲያቆም መጀመሪያ የተራቡት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጠው ከሚያልፈው ሰው እጅ የሚኖሩት ናቸው። ቅዳሴው በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ምጽዋት ግን በቴሌቪዥን አይሰጥም። ያኔ በየቤታቸው እየሄዱ ማድረስ የቻሉት አጥቢያዎች ነዳያኑ የት እንደሚያድሩ አስቀድመው የሚያውቁ ነበሩ። እኛ ከግማሾቹ በላይ የት እንደሚያድሩ አናውቅም ነበር። ዓመታት ሙሉ አብልተናቸዋል፣ አድራሻቸውን ግን አልጠየቅንም።

በፍስክ ቀን እንኳ ለምን ሥጋ አትሠሩም?

ከተቀማጮቹ መካከል ሙስሊሞች አሉ። ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም። ምስርና ጎመን ግን ሁሉም ይበላል። ረቡዕ ይሁን ዓርብ፣ ሁዳዴ ይሁን ፍልሰታ ሳንጨነቅ አንድ ዓይነት እንሠራለን። በዓል ሲሆን ሥጋ ያመጣ ሰው ካለ በተለየ ድስት ይሠራል፣ ለሁሉም ይነገራል። ተነግሮም የሚቀር የለም።

ስናገለግል ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ድስቱን አንሱ። ሽንኩርቱን አንሱ። እርስ በርሳችሁም ተነሱ። የሚበላውን ሰው ግን ተዉት።

የደነደነ ሕግ ይመስላል፣ ምክንያት አለው። አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ፣ ንጹሕ ኮት የሚለብሱ። ሁልጊዜ ጥግ ይዘው ይበላሉ፣ በልተው ይመርቁናል። አንድ የፋሲካ ሰሞን ከእኛው አገልጋዮች አንዱ ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ለጋሽ ይገኛል ብሎ ነው። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልመጡም። ክፍለ ሀገር ያለች ልጃቸው አይታዋለች አሉ። እሷ አባቷ እንዲህ መሆናቸውን አታውቅም ነበር።

ቪዲዮው ጥሩ ገንዘብ አምጥቷል። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ለጋሹ ማየት ይፈልጋል፣ እኛም ገንዘቡን እንፈልጋለን። ስንከራከር ቆይተን ለለጋሽ የምንልከው የገበያውን ደረሰኝና የባዶውን ድስት ፎቶ ሆነ። አንዳንዱ ለጋሽ ቀረ። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ስልክ እጃችን ላይ ሲሆን ነው የሚጠፋብን።

ጠበል ቦታ ያሉ ሕሙማንን ስንጎበኝ መድኃኒታቸውን አቁመው ብናገኝስ?

እንጦጦ ማርያምም ሆነ ሽንቁሩ ሚካኤል የሄደ ሰው ይህ ይገጥመዋል። አትከራከሩ። አልጋ ላይ ያለ ሰው በክርክር አይረታም። በቦታው ያሉትን አባት ወይም የሕመምተኛውን የንስሐ አባት ጥሩ። እሳቸው «ልጄ፣ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፣ ዋጥ አድርገህ ተጠመቅ» ሲሉት የሚሰማው ሌላ ነው።

ይህ የእኔ ፈሊጥ አይደለም። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ያኔ እንጦጦ ላይ መድኃኒቱን ጥሎ የሚጠመቅ ብዙ ሰው ነበር። ዛሬም በስኳር፣ በደም ግፊትና በአእምሮ ሕመም ያው ነገር ያጋጥማል። አገልጋዩ ሐኪም ካልሆነ የመድኃኒት መጠን አይናገር፣ ካህን ካልሆነም ስለ ጠበሉ አይፍረድ። ብርቱካን ይዞ ይሂድ፣ ይቀመጥ፣ ጨዋታ ያምጣ።

ከውጭ ሆኜ ልብስና መድኃኒት ብልክስ?

በጣም የምጠየቀው ይህ ነው፣ ብዙ ድካምም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ያገለገለ ልብስ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ክልክል ነው። ዜና ላይ «ልባሽ ጨርቅ» የሚባለው፣ ገበያ ላይ «ሰልባጅ» የሚባለው እሱ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ልብሱን ሰብስበን ከጨረስን በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በካርቶን ተሞልቶ፣ በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ «ሴት፣ ክረምት»፣ «ሕፃን፣ 2 ዓመት» ተብሎ ተጽፎበት፣ የሚልክልን ሰው ስናፈላልግ ነው «አይቻልም» የተባልነው። ቀድሞ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነበር። ልብሱ እዚሁ ሜሪላንድ ለችግረኛ ተሰጠ። ሦስት ወር ሙሉ ሲለዩና ሲያጥፉ የነበሩት እናቶች ግን እስካሁን ይቅር አላሉንም።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የአገልግሎት ጊዜው ሊያበቃ የተቃረበ መድኃኒት ደግሞ ለተቀባዩ ሸክም ነው። እዚህ ከቁም ሳጥን የተረፈ ክኒን እዚያ ሲደርስ ማን ለማን ይሰጠዋል?

ታዲያ ምን ይላክ? ሰው ሲሄድ በሻንጣው የሚይዘው ነገር አለ። ከአሜሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትሄዱ አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ትይዛላችሁ። ከዚያ ላይ አንድ ኪሎ ብትሰጡኝ የምጭነው የንባብ መነጽር ነው። ቀላሉን፣ ከመደብር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛውን። ለምን መሰላችሁ? ገጠር ያሉ ካህን ዕድሜያቸው ሃምሳ ሲያልፍ ዳዊቱን ከዓይናቸው ያርቁታል። ከዚያ ክንዳቸው ያጥራል። በጧፍ ብርሃን ነው የሚያነቡት። አንድ አባት መነጽሩን አድርገው መጽሐፉን ሲገልጡ አይቻለሁ። ገጹን ሳይሆን መጀመሪያ የጣታቸውን ጥፍር ነው ያዩት። ሳቁ። «እንዲህ ቆሽሾ ኖሯል እንዴ?» አሉ።

የቀረውን እዚያው ግዙ። ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ ዱቄት ሁሉም አገር ውስጥ አለ። የማጓጓዣው ዋጋ ለዕቃው ይተርፋል፣ ነጋዴውም ይጠቀማል።

ገንዘብ ብልክ ለተባለው ሥራ መዋሉን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ በማን ስም እንደሚገባ እዩ። የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ መሆን አለበት፣ ፊርማውም ከአንድ ሰው በላይ። «ለጊዜው በእኔ ቁጥር አስገቡት» ሲባል እምቢ በሉ። ሰውዬው ቅዱስ ቢሆን እንኳ እምቢ በሉ። ቅዱሱም ይታመማል፣ ይሞታል፣ ስልኩ ይጠፋል። ጎፈንድሚ የሚከፈት ከሆነም ሰበካ ጉባኤው ያውቀው እንደሆነ ጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን ስም ገንዘብ መሰብሰብ ፈቃድ ይፈልጋል።

በባንክ ላኩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም። ባንኩ ማስረጃ ይሰጣችኋል፣ ጥቁር ገበያው አይሰጣችሁም።

አሜሪካ ላላችሁ፦ እዚሁ አሜሪካ ላለው አጥቢያችሁ የሰጣችሁት ገንዘብ፣ ቀረጥ ስትሞሉ ወጪያችሁን የምትዘረዝሩ ከሆነ ይቀነስላችኋል። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጣችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ መያዝ አለባችሁ። በአገልግሎት ለነዳችሁት መኪናም በማይል 14 ሳንቲም ታስቦ ይቀነሳል። ጊዜያችሁ ግን አይቀነስም። አንድ ጋሼ «ስድስት ሰዓት ድስት አጥቤ እንዴት በነፃ?» ብለው ሒሳብ ሠራተኛዋን አፋጠዋታል። በቀጥታ ኢትዮጵያ ላለ ቤተ ክርስቲያን የምትልኩት ደግሞ በዚህ መንገድ አይቀነስም።

ገጠር ላሉ የአብነት ተማሪዎች መድረስ እንፈልጋለን። ምን ይዘን እንሂድ?

መጀመሪያ የኔታን፣ መምህራቸውን፣ ጠይቁ። ተማሪው የእሳቸው ነው፣ ችግሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እኛ የመጀመሪያውን ጉዞ ስናደርግ ሳንጠይቅ ደብተርና እስክሪብቶ ጭነን ሄድን። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚደርሰው በቃሉ ነው። ደብተሩን በትህትና ተቀበሉን። ማታ ጎጆ ውስጥ ስንቀመጥ ግን ልጆቹ ሲያክኩ ሰማን። ሌሊቱን ሙሉ።

እከክ ነው። በጠባብ ጎጆ ብዙ ሆኖ መተኛት፣ ልብስ መዋዋስ፣ የውሃ እጥረት፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛመታል። አንዱን ብቻ አክሞ መተው ዋጋ የለውም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መታከም አለባቸው፣ ልብሱና መኝታውም አብሮ መታጠብ አለበት። ስለዚህ ሁለተኛው ጉዞ ላይ ሳሙና ጫንን፣ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግረን መድኃኒቱን ባለሙያዎቹ ሰጡ፣ እኛ ውሃ አፈላን፣ ደበሎና ጋቢ ፀሐይ ላይ አሰጣን። ከሁለቱ ጉዞዎች ፎቶው የሚያምረው የደብተሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለምኖ ነው የሚማረው። ቁራሹ በአኩፋዳ፣ ተማሪው በሚያነግተው መያዣ፣ ይሰበሰባል፣ ከጓደኛ ጋር ይበላል። ይህ ትሕትና የሚማርበት መንገድ ነው ብለው የሚያምኑ የኔታዎች አሉ፣ «ቀለብ እንቁረጥላቸውና ልመናው ይቅር» ስትሏቸው ደስ ላይላቸው ይችላል። ሌሎቹ ደግሞ ውሻ የነከሰውን ልጅ እግር አሳይተው «እባካችሁ ቀለቡን» ይላሉ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። እኔ ልቤ ከሁለተኞቹ ጋር ነው። ግን የምወስነው እኔ አይደለሁም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የጎጃምና የጎንደር ጉዞ እንደ ድሮው አይደለም። መንገዱን ከአገረ ስብከቱ ሳታጣሩ አውቶቡስ አትከራዩ። ብዙ ጊዜ ሰው ከመሄድ ገንዘቡን በአገረ ስብከቱ በኩል ልኮ በቅርብ ያሉ አገልጋዮች እንዲገዙ ማድረግ ይሻላል። ጉዞው ለሚሄደው ሰው ደስ ይላል፣ ይህን አልክድም።

ውጭ አገር ያለ አጥቢያ ለማን ነው የሚያገለግለው? እዚያ የተቸገረ አለ እንዴ?

ይህን የሚጠይቁኝ አገር ቤት ያሉት ናቸው። አለ። ትናንት በዲቪ የገባ፣ ጥገኝነት የጠየቀ፣ በሌሊት ሥራ ጀርባው የተሰበረ፣ ልጆቹ አማርኛ የማይሰሙት፣ እሱም እንግሊዝኛቸውን የማይሰማ አባት።

አዲስ ለገባ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የምንሠራው ትንንሽ ነገር ነው። የባቡር ካርድ እንዴት እንደሚሞላ ማሳየት። የክረምት ጃኬት መስጠት። ሐኪም ቤት ቀጠሮ መያዝ። ወረቀት ላይ ግን ድንበር አለን፦ የጥገኝነት ፎርም አንሞላም። አገልጋይ ጠበቃ አይደለም፣ አንድ የተሳሳተ መስመር የሰው ሕይወት ያበላሻል። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ጥያቄው አሜሪካ ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት እንዳለበት። «ቆይ ሥራ ልያዝና» እያለ ዓመቱ ያለፈበት ሰው ስላየን፣ ይህን በማስታወቂያ ሰዓት ሁሉ እንደ ቀብር ማስታወቂያ እንደጋግመዋለን።

ሆስፒታልም አናስተረጉምም። ይህ ብዙ ሰው ያስቀይማል። «የገዛ ወንድማችሁ አማርኛ ብቻ ነው የሚችለው፣ እናንተ ቆማችሁ ታያላችሁ?» ይላሉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ መጠየቅ ብቻ ነው። «ጣፊያ»ንና «ቆሽት»ን የሚያምታታ አገልጋይ ግን ሰው ይገድላል። እኔ ራሴ አምታትቼ አውቃለሁ። ደግነቱ ነርሷ ጠረጠረች። የእኛ ድርሻ አጥሚት ይዞ ሄዶ አጠገቡ መቀመጥ ነው።

የአካባቢው ቤት አልባ ሰዎች መጠለያ ውስጥም እናገለግላለን። እዚያ ቤት የተሠራ ምግብ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፣ በተፈቀደለት ማእድ ቤት የተዘጋጀ መሆን አለበት። እናቶቻችን ዶሮ ወጥ ይዘው ሄደው በር ላይ ተመልሰዋል። አሁን እዚያው ኪችን ገብተን የተሰጠንን እንሠራለን። ፓስታ ነው። እናቶቻችን በርበሬ በቦርሳቸው ይዘው ይገባሉ፣ እኔ አላየሁም።

ዐረብ አገር ነው ያለሁት፣ ቤተ ክርስቲያን የለም። ምን ማድረግ እችላለሁ?

አገሩ ይለያያል። ሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን አይፈቀድም፣ ስለዚህ የምትሰባሰቡበትን ቤት ፎቶና አድራሻ የትም አትለጥፉ። ቤይሩት ላይ ግን እሑድ የዕረፍት ቀን የተሰጣቸው እህቶች ለቅዳሴ ይሰባሰባሉ፣ ከቅዳሴ በኋላም የማን እመቤት ደመወዝ ከለከለች፣ ማን ታመመች፣ ማን ስልኳ ተዘጋ የሚባለው ሁሉ ይወራል። ይህ ወሬ በራሱ አገልግሎት ነው። እሑድ የቀረችውን ሰው ሰኞ የሚፈልጋት አለ ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ፊት መንገድ ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ሻንጣቸው ላይ ተኝተው የሚያሳየውን ምስል ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የወደቡ ፍንዳታ መጣ። ያኔ ፈጥነው የደረሱላቸው ሚሊዮን ያላቸው ድርጅቶች ብቻ አልነበሩም። «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለውን ማኅበር የመሠረቱት ራሳቸው የቤት ሠራተኞች የነበሩ ሴቶች ናቸው፣ የቤት ኪራይና አስቤዛ ሲያከፋፍሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አይደለም። ግን አጥቢያዎች ከእነሱ ብዙ መማር ይችላሉ።

ስለዚህ ዐረብ አገር ላላችሁ መልሴ አጭር ነው። የአምስት ሰው የጽዋ ማኅበር በቂ ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጡ፣ አንዷ መዝግባ ትያዘው፣ አንዷ ስትባረር ለትኬት ይሆናል።

ልጄ ለትምህርት ቤት የአገልግሎት ሰዓት ትፈልጋለች። በቤተ ክርስቲያን ያገለገለችው ይቆጠርላታል?

ሜሪላንድ ውስጥ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት ማሟላት አለበት። ምግብ ማደል፣ ልብስ መለየት፣ ሕፃናትን ማስጠናት የመሳሰለው ሊቆጠር ይችላል። መዝሙር ጥናትና ቅዳሴ አይቆጠርም። አስቀድማችሁ ከትምህርት ቤቱ አረጋግጡ፣ ካለቀ በኋላ የተሞላ ወረቀት ጣጣ አለው። እውነቱን ለመናገር ለሰዓት ብለው የመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው። ሰዓታቸውን ጨርሰው መምጣት ያላቆሙም አሉ፣ ሽንኩርት መላጥ ግን አሁንም አይወዱም።

ከልጆች ጋር ለማገልገል ስጠይቅ ለምን የወንጀል ማጣሪያ ጠየቃችሁኝ? አታምኑኝም?

ሁሉንም እንጠይቃለን፣ ዲያቆኑንም ጭምር። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አይቀመጥም፣ በሩ ክፍት ይሆናል ወይም ሁለተኛ ሰው ይኖራል። አገር ቤትም ይህ ልማድ ቢገባ ደስ ይለኛል። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይመጣል» የሚል ሰው ካለ፣ ከልጆቹ ክፍል ሳይሆን ከድስቱ ጋር መድቡት።

ደክሞኛል። ማቆም እችላለሁ?

ትችላላችሁ። አሥራ አምስት ቀን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ የሚተካችሁን ሰው አንድ ሁለት እሑድ አብራችሁ አሠሩት፣ የያዛችሁትን ሒሳብና ዕቃ በወረቀት አስረክቡ። ሳይናገር የሚጠፋ አገልጋይ ነው ችግር የሚፈጥረው፣ የሚያቆም አይደለም። ዐሥር ዓመት ያለ ዕረፍት የሚያገለግል ሰው ደግሞ ሳያውቀው በነዳያኑ ላይ መቆጣት ይጀምራል፣ አይቻለሁ።

ቁልፍ ከያዛችሁም መልሱ። የዚያ ዕቃ ቤት ቁልፍ አሁን እዚህ ሜሪላንድ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ቦሌ ስደርስ ኪሴ ውስጥ አገኘሁት። በማግስቱ እሑድ ነበር፣ በሩን ሰብረው ነው ድስት ያወጡት አሉ።